ኢንተርኔት ሲዘገይ ጥፋቱ የማን ነው

ኢንተርኔት በዘገየ ጊዜ በየቤቱ ክርክር ይነሣል። አባት መስመሩን ይረግማል፤ እናት ልጆቹን ትቈጣለች፤ ልጆቹም አሮጌው ኮምፒዩተር ይሸጥ ይላሉ። በእኛም ቤት ነገሩ ይኸው ነበረ። በየምሽቱ ዅሉም ሲጐተት ብናይ፥ አሮጌውን ልንሸጥና ለመስመሩም የሚበልጥ ኪራይ ልንከፍል ቈርጠን ነበር። ነገር ግን አንድ ማታ አዲሱን ኮምፒዩተር ከመስመር ብናወጣው አሮጌው ወዲያው መፍጠን ጀመረ። ለካ አዲሱ ሳያስታውቀን ራሱን የሚያድስበትን ፋይል ያወርድ ኖሯል!

ይህን የሚያደርገው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፥ የኮምፒዩተሩን ሥራ ዅሉ የሚያዝዝ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ከዚሁ ወገን ናቸው። ከሩቅ የሚላከውንም የሚቀበል እርሱ ነው፤ አቀባበሉም እኛ በጽሕፈት ቤት ከለመድነው አይርቅም። ላኪው የተፈቀደለትን ያህል ልኮ ደረሰኝ ይጠብቃል፤ ደረሰኙ ሳይመለስ ከልኩ አያልፍም። ልኩን የሚወስነው ተቀባዩ ነው።

በቀድሞው ደንብ ከፍተኛው ልክ 65,535 ባይት ነበረ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1992 ዓመት ልኩን ለማስፋት የሚያስችል ደንብ ታተመ፤ ይሁን እንጂ በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ካላዘዙት በቀር በዚህ ደንብ አይሠራም ነበር። ጉዳቱን በሒሳብ እንየው። ላኪው ከሩቅ አገር ኾኖ፥ ደረሰኙ እስኪመለስለት የሰከንድ አንድ አምስተኛ ቢፈጅ፥ በሰከንድ አምስት ጊዜ ብቻ ይልካል፤ ይህም 2.6 ሜጋቢት ያህል ነው። እንግዲህ ባለቤቱ የ100 ሜጋቢት ኪራይ ቢከፍልም አንዱ ፋይል ከዚያ ፈጥኖ አይመጣለትም። በ2007 ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ ግን ልኩን እንደ መንገዱ ርቀት ራሱ የሚያሰፋ ኾነ። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር በከንቱ አልታማም፤ የእኛው ግን ያለ በደሉ ሊሸጥ ነበር።

እድሳቱን ፈጽሞ መከልከል አይገባም፤ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን እርሱ ነውና። በዊንዶውስ 11 ግን መስመሩ በልክ የሚከፈልበት መኾኑን በማስተካከያው ገጽ ቢያመለክቱለት፥ ከእድሳቱ አብዛኛውን ያቈያል። እኛም በቀን እንዲህ አድርገን፥ ቤተ ሰቡ ሲተኛ እንፈቅድለታለን። የኪራዩን ጭማሪ ትተነዋል፤ በአሮጌውም ኮምፒዩተር ታናሹ ልጃችን ትምህርቱን ይጽፍበታል።