ሰላዮች ማስታወሻ እየያዙ የታደሙበት ትንሹ የበርሊን ቴአትር ቤት

መድረኩ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ ሌላው ሙሉ ልብስ ለማሰፋት የመጣ ደንበኛ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ዘርግቶ ይለካል። ደንበኛው ቀኝ እጁን ያነሣል፤ ከተለካም በኋላ አያወርደውም። ልብስ ሰፊው ግራ ተጋብቶ ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ደንበኛው በሁለት ቃላት ብቻ ይመልሳል፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል።

ጊዜው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1935፣ ከተማው በርሊን ነው። ቀኝ እጅን ዘርግቶ ማንሣት የናዚዎች ሰላምታ ነበር። ደንበኛው የመለሳቸው የጀርመንኛ ቃላት በአንድ በኩል “የተነሣ ቀኝ እጅ”፣ በሌላ በኩል ደግሞ “የተሻሩ መብቶች” ማለት ናቸው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በአማርኛችንም ቢሆን “ተነሣ” ስንል እጅም ይነሣል፣ ባለሥልጣንም ከወንበሩ ይነሣል።

ይህ አጭር ጭውውት የቀረበበት ቤት “ዲ ካታኮምበ” ይባል ነበር። ካታኮምብ የጥንት የሮም ክርስቲያኖች ሙታናቸውን የሚቀብሩበት የምድር ውስጥ ዋሻ ነው። ቴአትር ቤቱም ሥራ የጀመረው በቤልቪው ጎዳና፣ የበርሊን ሠዓሊያን ማኅበር ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ስለነበር ስሙ ገጥሞለታል።

ካባሬ የሚባለው የመድረክ ዓይነት የተወለደው በፓሪስ ነው። በ1881 “ጥቁሩ ድመት” የተባለው ቤት ገጣሚዎችን፣ ዘፋኞችንና ሠዓሊዎችን በአንድ ጠባብ አዳራሽ ሰበሰበ። ተመልካቹ እየጠጣ ያያል፤ ዘፈን፣ ግጥምና አጫጭር ጭውውት ይፈራረቃሉ፤ መድረክ መሪው በመካከል እየገባ የዕለቱን ፖለቲካ ይነካካል። በርሊን የራሷን ካባሬ ያገኘችው በ1901 ነበር። ይሁንና የንጉሡ ፖሊስ ጽሑፉን አስቀድሞ እያየ ይቆርጥ ስለነበር፣ ምላስ የተፈታው ንጉሣዊው አገዛዝ በ1918 ከወደቀ በኋላ ነው።

ቨርነር ፊንክና ጓደኞቹ ካታኮምበን የከፈቱት በኦክቶበር 1929 ነው፤ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በተንኮታኮተበት በዚያው ወር። ፊንክ የ27 ዓመት ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ግራ ዘመሙ ዘፋኝ ኧርንስት ቡሽና የሙዚቃ ደራሲው ሃንስ አይስለርም በቤቱ ሠርተዋል። ቴአትር ቤቱ በኋላ ወደ ምዕራባዊው የከተማዋ ክፍል፣ ወደ ሉተር ጎዳና ተዛወረ።

የፊንክ ጥበብ እንግዳ ነበር። መድረክ ላይ ይንተባተባል፣ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና ይተወዋል፣ ዋናው ቃል ሊመጣ ሲል ዝም ይላል። የጎደለውን የሚሞላው ተመልካቹ ነው። ይህ አነጋገር ከ1933 በኋላ፣ ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ፣ ጋሻ ሆነ፤ የፖሊስ ሰላይ ያልተነገረ ቃል ማስታወሻው ላይ ሊጽፍ አይችልምና። ፊንክ አዳራሹ ውስጥ ጎንበስ ብለው የሚጽፉትን ሰዎች እያየ፣ በጣም ፈጥኖ እየተናገረባቸው እንደሆነ፣ እነሱ ይከተሉት ወይስ እሱ ይከተላቸው እያለ ይጠይቃቸው እንደነበር ይነገራል።

ይህ ጋሻ ግን ለሁሉም አልሆነም። ፊንክ አይሁዳዊ አልነበረም። “የኮሜዲያኖች ካባሬ” የተባለውን ሌላውን የበርሊን ቤት ከመሠረቱት አንዱ የነበረው ፓውል ሞርጋን በ1938 ቡኸንቫልድ ውስጥ ሞተ። የቪየናው ፍሪትዝ ግሩንባውም በ1941 ዳኻው ውስጥ ሕይወቱ አለፈ፤ ኩርት ጌሮን በ1944 አውሽቪትዝ ላይ ተገደለ። እነዚህን ሰዎች ምንም ዓይነት ቅኔ ሊያድናቸው አይችልም ነበር፤ የተፈለጉት በተናገሩት ሳይሆን በማንነታቸው ነውና።

ካታኮምበ በናዚ ዘመን ለሁለት ዓመት ያህል መቆየቱ ጥያቄ ያስነሣል። ሰው ገብቶ ይስቃል፣ ንዴቱን አውጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ይህ ለአገዛዙ አይበጀውም ነበር? ምናልባት ይበጀው ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው፣ አጠገቡ ያለው የማያውቀው ሰው በተመሳሳይ ቃል ላይ ሲስቅ ሰምቷል። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚፈራበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሜይ 10 ቀን 1935 በፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ በዮሴፍ ጎብልስ ትእዛዝ ቤቱ ተዘጋ። ፊንክና ባልደረቦቹ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ረግረግ መካከል ወዳለው የኤስተርቬገን ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ። በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው ጋዜጠኛ ካርል ፎን ኦሲየትስኪም በዚያን ጊዜ እዚያው ታስሮ ነበር። ፊንክ በካምፑ ውስጥ ለእስረኞች ቀልድ አቅርቧል። በርሊን ሳሉ ወደ ካምፕ እንወሰድ ይሆን እያሉ ሲፈሩ መኖራቸውን፣ አሁን ግን ካምፕ ውስጥ ስላሉ ያ ፍርሃት እንደለቀቃቸው ነገራቸው።

በጁላይ መጀመሪያ ተፈታ፤ ተዋናይቷ ኬተ ዶርሽ የቀድሞ ወዳጇን ኸርማን ጎሪንግን ለምናለት ነበር። በ1936 የበርሊን ልዩ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶ በማስረጃ እጦት በነፃ አሰናበተው። ምስክሮች የሰሙት ሰሙን ነው፤ ወርቁን ፊንክ ተናግሮታል ብሎ የሚያረጋግጥ አልተገኘም።

በመዝጊያው ዓመታት በቤቱ አኮርዲዮን እየተጫወተች ትዘፍን የነበረችው ወጣቷ ኢዛ ፌርሜረን፣ ለናዚ ባንዲራ ሰላምታ አልሰጥም በማለቷ ከትምህርት ቤት የተባረረች ልጅ ነበረች። በ1944 ወንድሟ ወደ እንግሊዞች በመክዳቱ በእሱ ምክንያት ታሰረች፤ ከጦርነቱ ተርፋ መነኩሲት ሆነች።

በዚያው በ1944 አንድ ካቶሊክ ቄስ፣ ዮሴፍ ሙለር፣ ፖለቲካዊ ቀልድ አውርተሃል ተብለው በሞት ተቀጡ። የፈረደባቸው “የሕዝብ ፍርድ ቤት” የተባለው ችሎት ነበር። የችሎቱ መቀመጫ ካታኮምበ ከ15 ዓመት በፊት በሯን በከፈተችበት በዚያው በቤልቪው ጎዳና ላይ ነበር።