የቅርንፉድ ንጥረ ነገር ለነርቭ ሕመም፦ የኩዌት ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያዩት ውጤት

ኩዌት ሲቲ፦ ሻይን የሚያጣፍጠው ቅርንፉድና ከወጥ ቤት የማይጠፋው ቁንዶ በርበሬ ቤታ-ካርዮፊሊን የተባለ ንጥረ ነገር በጋራ ይዘዋል። በኩዌት ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ፋኩልቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ኢስራ ዓሊ፣ ማይሰም ኻጃህና ዊሊያስ ማሶቻ ይህ ንጥረ ነገር የነርቭ ሕመምን ያስታግስ እንደሆነ በአይጦች ላይ ፈትሸዋል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ «ሞለኪዩልስ» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

የጥናቱ መነሻ የታማሚዎች ሥቃይ ነው። የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስን ከሚገቱ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ነርቭን ይጎዳሉ። ታማሚው እግሩን ያቃጥለዋል፤ ልብስ ሲነካው እንኳ ያመዋል። የተለመዱት ማስታገሻዎች ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዱም። ካናቢስ ማጨስ ሕመሙን እንደሚቀንስ በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ቢያመለክቱም፣ ዕፁ አእምሮን ያውካል፤ ሱስም ያስይዛል።

ካናቢስ የሚያሰክረው በአንጎል ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ሲቢ1 የተባለ ተቀባይ ስለሚያነቃ ነው። ቤታ-ካርዮፊሊን ግን የሚያነቃው ሲቢ2ን ነው፤ ይህም በአብዛኛው በሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ላይ ይገኛል። ተስፋው እውን ከሆነ፣ ከስካር የሚርቅ አማኝ ከሥቃይና ከአእምሮው ጤና አንዱን ለመምረጥ አይገደድም።

ተመራማሪዎቹ ዛልሲታቢን የተባለውን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ለአይጦች ለ5 ቀናት ሰጡ። አይጦቹ ቀላል ንክኪ እንኳ የሚያማቸው ሆኑ። ቤታ-ካርዮፊሊን አብሮ የተሰጣቸው ግን ከሕመሙ ተጠበቁ፤ ብግነትን የሚያባብሱ ምልክቶችም በእግር ቆዳቸውና በአንጎላቸው አልጨመሩም። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ሲሰጥም አስታግሷል። ሲቢ2 በሌላ ንጥረ ነገር ሲዘጋ ማስታገሱ ከሸፈ፤ ሲቢ1 ሲዘጋ ግን አልተጓደለም። በዚህም ንጥረ ነገሩ የሚሠራበት መንገድ ተለየ።

ይሁንና ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው። ዛልሲታቢን ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ማብቂያ ጀምሮ ከገበያ ወጥቷል፤ የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው። በየሱቁ የሚሸጠው የቅርንፉድ ዘይትም ከተፈተሸው ንጥረ ነገር ጋር አንድ አይደለም፤ ዋነኛ ይዘቱ ዩጂኖል ነው።

ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዘይት ተማምኖ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። እግሩን የሚያቃጥለው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱን በሌላ መተካት የሚቻልበት ጊዜ አለና። ቅርንፉዱ ደግሞ ለጊዜው በሻዩ ውስጥ ይቆይ።