አል ካፖንን ያሳሰረው የሒሳብ መዝገብ

መርማሪ ሲባል ሽጉጥ ታጥቆ በጨለማ የሚሮጥ ሰው በሐሳብህ ይመጣ ይሆናል። በአሜሪካ ግን ስመ ጥሩውን ወንበዴ አል ካፖንን ወህኒ ያወረደው ወረቀት ማገላበጥ የማይሰለቸው፣ ባለመነጽሩ የግብር መርማሪ ፍራንክ ዊልሰን ነበር።

ዊልሰን በ1887 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቡፋሎ ከተማ ተወለደ። በገንዘብ ሚኒስቴር የግብር ወንጀል መርማሪ ሳለ በ1928 ወደ ቺካጎ ተላከ። በዚያ ዘመን አስካሪ መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ ካፖን በስውር በመሸጥና ቁማር በማጫወት በልጽጎ ነበር። ስለ ግድያው ደፍሮ የሚመሰክርበት አልተገኘም። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 ከሕገ ወጥ ንግድ የተገኘ ገቢም ግብር ይከፈልበታል ሲል ፈርዶ ነበር፤ መንግሥትም በዚሁ በር ገባ።

ካፖን በስሙ የባንክ ሒሳብ አልነበረውም። ዊልሰን ብዙ ከለፋ በኋላ በ1930 አንድ ሌሊት፣ ፖሊሶች በ1926 ከቁማር ቤት ወስደው የረሷቸውን የሒሳብ መዝገቦች አገኘ። የእጅ ጽሕፈቱን ከባንክ ወረቀቶች ጋር እያስተያየ የመዝገቡን ጸሓፊ ፈለገ፤ በ1931 ማያሚ ላይ ደረሰበት። ሰውየው ፈራ። ዊልሰንም «ወይ በሰው ፊት መጥሪያ ይሰጥህና ካፖን ይስማ፤ ወይ በምስጢር መስክር፤ እኛ እንጠብቅሃለን» አለው። ይህ ጭካኔ ነው ብትል አልፈርድብህም፤ ሆኖም ዊልሰን ቃሉን ጠብቆ ምስክሩን እስከ ችሎቱ ቀን ሸሽጎ አቆየው። ለራሱም ነፍሰ ገዳዮች ተልከውብሃል የሚል ወሬ ስለ ደረሰው ከባለቤቱ ጋር ሆቴል ለወጠ።

የካፖን ሰዎች ጁሪ የሚባሉትን ፈራጆች በገንዘብ ሊደልሉ መዘጋጀታቸውን ዊልሰን በሰማ ጊዜ ለዳኛው አስታወቀ። ዳኛውም በችሎቱ ማለዳ ፈራጆቹን በሌሎች ለወጣቸው። በጥቅምት 1931 ካፖን 11 ዓመት እስራትና 50,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት።

በ1932 የአውሮፕላን ነጂው የሊንድበርግ ሕፃን በተሰረቀ ጊዜም የግብር መርማሪዎቹ የቤዛው ገንዘብ ቁጥር እንዲመዘገብ አደረጉ፤ በ1934 ተከሳሹ የተያዘው በዚሁ ቁጥር ነው። በኋላ ዊልሰን ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀውና ሐሰተኛ ገንዘብ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኖ እስከ 1946 አገለገለ። ጡረታ ወጥቶ በ1970 ዐረፈ።

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተም ከመዝገብ ቤት ተቀምጠህ «ይህ ሥራ ምን ይረባል?» ትል ይሆናል። ጠመንጃ ያልደፈረውን ሰው የጣለው ግን ቀኑና ድምሩ በትክክል የተጻፈበት አንድ መዝገብ፣ እርሱንም በትዕግሥት ያነበበ አንድ ሠራተኛ ነው።