እጥበት ላይ ያለ ልጅ ልብ

ልጁ የኩላሊት እጥበት የጀመረበት ቤተሰብ ሐሳቡ ሁሉ ማሽኑ፣ ወጪውና መንገዱ ላይ ነው። የእነዚህን ልጆች ሕይወት ከሚቀጥፉት ግንባር ቀደሞች አንዱ ግን የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። በልጆች ላይ የሚቀድመው እንደ አዋቂዎች የልብ ደም ሥር መዘጋት ሳይሆን የልብ ጡንቻ መወፈር፣ የምት መዛባትና የልብ ድካም ነው።

ኩላሊት ሲደክም ውሃና ጨው ይጠራቀማል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ደም ማነስ ሲታከልበት የግራው የልብ ክፍል ከአቅሙ በላይ እየሠራ ይወፍራል። ፎስፈረስ ሲበዛ ደግሞ ካልሲየም በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ በወጣ ጥናት፣ እጥበት ላይ ከነበሩ ከ20 እስከ 30 ዓመት ከሆናቸው 16 ወጣቶች በ14ቱ የልብ ደም ሥር ላይ ካልሲየም ተገኝቷል፤ ከ20 ዓመት በታች ከነበሩት በአንዳቸውም አልታየም። ስለዚህ ልጅነት ገና ያላመለጠን ጊዜ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከግፊት መለኪያው ነው። ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ውስጥ ያለው የሚነፋ ክፍል ወርዱ የክንዱን ዙሪያ 40 በመቶ ያህል መሆን አለበት። ከጠበበ ግፊቱን ያጋንናል፣ ከሰፋ ያሳንሳል። የአዋቂ መለኪያ ብቻ ባለበት ክፍል የልጁ ግፊት ደህና መስሎ ሊታለፍ ይችላል። 24 ሰዓት የሚለካው መሣሪያ ደግሞ ሌሊት መውረድ ሲገባው የማይወርደውን ግፊት ያጋልጣል።

ሚዛንም የልብ ምርመራ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሁለት እጥበት መካከል 1 ኪሎ ቢጨምር፣ 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ 3 ኪሎ እንደጨመረ ማለት ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚነሳውም ትርፉ ውሃ ከወጣ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀድሞ ከተነሳ ልቡ ተወጥሮ ይታያል። «ልቡ በደንብ ይረጫል» የሚል ውጤት ብቻውን አያጽናናም፤ የጡንቻው ክብደት ከቁመቱ ጋር ተመዛዝኖ መለካት አለበት። በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ስለሚበዛ ቫልቮቹም አብረው ይታዩ።

ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየምም ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል፤ ኢ.ሲ.ጂ. (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ምልክቱን ሊያሳይ ይችላል። ድንች በሚበዛበት አዊ ዞን ይህ የማዕድ ጉዳይ ነው፦ ድንቹ ተልጦ፣ በደቃቁ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ፖታሲየሙ ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚሻለው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። እስከዚያው ግን ከአዊዋ ግምጃ ቤት ከተማ በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚመላለስ ልጅ ክብደቱና ግፊቱ በየቀኑ እዚያው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ተለክቶ በደብተር ቢጻፍለት፣ የእጥበቱ ሐኪም በመካከል ያሉትን ቀናት ያያል። ያ ደብተር ስንት ውሃ እንደሚወጣና የግፊት መድኃኒቱ ይጨመር ወይም ይቀነስ እንደሆነ ይነግረዋል።