ዛፍ ሰባት ቤት አይቆጥርም

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዙሪያውን በእርሻ የተከበበ አንድ የቤተ ክርስቲያን አጸድ አስቡ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ ግዙፍ ነው። ያብባል፣ ያፈራል፤ ከሥሩም ወፍ ዘራሽ ችግኝ አይጠፋም። ይህ ደን ደኅና ነው ወይስ ውስጥ ውስጡን እየተዳከመ? በዓይን አይቶ መናገር አይቻልም። መልሱ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ።

ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጥራል። ዛፍ ግን ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ማን ከማን እንደሚዳቀል የሚወስኑለት ንብ፣ ዝንብና ነፋስ ናቸው። ደኑ ሰፊ በነበረበት ዘመን የአበባው ብናኝ ከሩቅ ይመጣ ነበር። ዙሪያው ታርሶ ጤፍና ገብስ ሲሆን ንቧ እዚያው አጸዱ ውስጥ መመላለስ ትጀምራለች፤ እናትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት ይዳቀላሉ። ከዘመዳሞች የሚገኝ ዘር ብዙ ጊዜ መብቀል ያቅተዋል፤ ቢበቅልም ይቀጭጫል። ከዚህ ሌላ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ከሆነ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም ይጥላል።

አሳሳቹ ነገር የዛፍ ዕድሜ መርዘሙ ነው። ዛሬ የምናያቸው ትልልቅ ዛፎች የተወለዱት ደኑ ገና ሳይቆራረጥ ነው፤ የያዙት ዘረመል የዚያ ዘመን ነው። ጉዳቱ የሚታየው በልጆቻቸው ነው። በምዕራብ ኬንያ በካካሜጋ ደን የተደረገና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ኒና ፋርቪግና ባልደረቦቿ የመረጡት ያንኑ የእኛን ጥቁር እንጨት ነበር፤ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ዛፍ ነው። ከ80 እስከ 100 ዓመት የሚገመቱትን ዛፎች ከችግኞቹ ጋር ሲያነጻጽሩ ችግኞቹ በዘረመል ብዝኃነት ከወላጆቻቸው አንሰው፣ በዘመዳሞች መዳቀል ደግሞ በልጠው ተገኙ። ደኑን በዓይኑ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሊጠረጥር አይችልም።

ታዲያ ይህ እንዴት ይታወቃል? ከእያንዳንዱ ዛፍ የጥፍር ያህል ቅጠል ይቀነጠስና እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር በትንሽ ፕላስቲክ ይታሸጋል፤ የዛፉ ቁጥርና የቆመበት ቦታ ይጻፍበታል። ላቦራቶሪ ሲደርስ ቅጠሉ ደርቆ ተጨማድዷል፤ ዲኤንኤው ግን አልተበላሸም። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት እየተደጋገሙ የሚመጡባቸው ቦታዎች ይመረጣሉ። ድግግሞሹ አንዱ ዛፍ ላይ 12፣ ሌላው ላይ 15፣ ሌላው ላይ 19 ጊዜ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግኝ በእያንዳንዱ ቦታ ከእናቱ አንድ ቁጥር፣ ከአባቱ አንድ ቁጥር ይወርሳል። እናቲቱ 12 እና 15 ሆና ልጇ 15 እና 19 ከሆነ፣ 19ኙ የአባት ነው። አሁን የአጸዱን ዛፎች አንድ በአንድ መፈተሽ ነው፤ 19 ያለው ካልተገኘ አባትየው ከአጥሩ ውጭ ነው ማለት ነው! ብዙ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አብረው ሲታዩ ጥርጣሬው ይጠፋል።

በዚህ መንገድ የተገኘ አንድ ውጤት እስካሁን ያስደንቀኛል። ናሚቢያ በረሃ ውስጥ፣ በኡጋብ ወንዝ ዳር፣ ተራርቀው የቆሙ የሾላ ዛፎች አሉ። ሾላን የምታዳቅለው ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ከሁለት ቀን በላይ የማትኖር ተርብ ናት። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የልጆቹን አባቶች ሲፈልግ፣ ተርቧ በነፋስ ተወስዳ ብናኙን በአማካይ ወደ 90 ኪሎ ሜትር፣ ሲበዛም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳደረሰችው ታወቀ። ብቻውን የቆመ የመሰለን ሾላ ብቻውን አልነበረም። ስለዚህ ርቀት መለካት ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ የዛፍ ዓይነት ለየብቻው መጠየቅ አለበት።

ኮሶን ውሰዱ። ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው። አንድ ተረተር ላይ 20 ኮሶ ቀርቷል እንበል፤ 18ቱ ወንድ፣ 2ቱ ሴት። ሊቃውንቱ ወንዱን በሴቱ አባዝተው፣ በአራት አባዝተው፣ ለድምሩ ያካፍላሉ። ውጤቱ 7 ገደማ ነው። ስንቆጥር ሃያ ያልነው፣ በዘረመል ዓይን ሰባት ብቻ! ሁለቱ ሴቶች ከተቆረጡ ደግሞ 18ቱ ወንዶች ቆመው ትውልዱ አብቅቷል።

ደግነቱ መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። በየትውልዱ አንድ ሁለት እንግዳ ወላጅ ብቻ ቢገባ እንኳ የተነጠለው ደን ብዝኃነቱ እንዳይመናመን ብዙ ይረዳል። በሁለት አጸዶች መካከል በየእርሻው ድንበር ዛፍ መትከልም ለንቧ ማረፊያ ይሆናል። ጥንቃቄ የሚሻው እንግዳውን ከየት እናምጣ የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ኮሶ ላይ የተደረገው የዘረመል ጥናት የአንዱ አካባቢ የእናት መስመር ከሌላው በእጅጉ እንደሚለይ አሳይቷል። የደጋውን ዛፍ ዘር አምጥቶ ወይና ደጋ ላይ መበተን ለቦታው ያልተስማማ ትውልድ ሊያመጣ ይችላል። በእኔ እምነት አቅራቢያ ካለው፣ ከፍታውና ዝናቡ ከሚመሳሰለው ደን መጀመር ይሻላል።

እነዚህ አጸዶች ትንሽ ናቸው ብሎ መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዓይነቶች መዝግበዋል። የነገው ዘር ምንጭ እዚያ ነው። ነገር ግን ከመንገድ ዳር ካለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ማዳበሪያ ሙሉ ፍሬ ለቅሞ አሥር ሺህ ችግኝ ማፍላት፣ አሥር ሺህ ወንድማማቾችን መትከል ነው። ዘር የሚለቀመው ቢያንስ ከ30 እናት ዛፎች፣ እርስ በርስ ከ50 እስከ 100 ሜትር ከተራራቁት ቢሆን ይመከራል። በዘንድሮው ክረምት ችግኝ ልትተክሉ ካሰባችሁ፣ ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ዘሩ ከስንት እናት ዛፍ፣ ከየትኛው ደን እንደተለቀመ ጠይቁ።