አዲሱ ዘበኛ ሳይፈተን አሮጌው አይሰናበት

ኮምፒዩተር ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው ማን እንደ ሆነ ብትጠየቁ፥ «ዊንዶውስ» ወይም «ሊኑክስ» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከሁለቱም የሚቀድም ቡት ሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። እርሱም እንደ በር ዘበኛ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በዲስኩ ላይ ፈልጎ ወደ ሜሞሪ ያስገባና ሥራውን አስረክቦት ዞር ይላል።

በቀድሞው አሠራር የዚህ ዘበኛ ጎጆ እጅግ ጠባብ ነበረች። የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት ሲሆን፥ ለማስነሻው የሚደርሰው 446 ባይት ብቻ ነው። በዚያች ቦታ ስሕተት ከተጻፈ ማሽኑ ይበራል እንጂ ሥራ አይጀምርም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወይም የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ አልጠፋም፤ እዚያው ዲስኩ ላይ አለ፤ ዳሩ ግን በሩን የሚከፍትላችሁ የለም። ነገ ጧት ለሚፈለግ ጽሑፍ ደግሞ ይህ ከመጥፋት ብዙም አይለይም።

በዚህ ረገድ ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት አዘጋጆች ያደረጉት ጥንቃቄ ትምህርት ይሰጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. 6ኛው ዕትም ሲወጣ፥ ግሩብ የተባለው ቡት ሎደር በግሩብ 2 የሚተካበት ጊዜ ነበር። ሆኖም ነባር ማሽናቸውን ለሚያሻሽሉ ሰዎች የተመከረው መንገድ አሮጌውን ወዲያው መሻር አልነበረም። በአሮጌው የምርጫ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፤ ያ መስመር ሲመረጥ አሮጌው ዘበኛ አዲሱን ይጠራዋል። አዲሱ በደኅና ካስነሣ ባለቤቱ በአንዲት ትእዛዝ ቋሚውን ሥፍራ ይሰጠዋል፤ ካቃተው ግን ማሽኑን አጥፍቶ በአሮጌው በኩል ይገባል።

ዛሬ ብዙዎቹ ማሽኖች የሚነሡት ዩኢኤፍአይ በተባለው አሠራር ስለ ሆነ ቦታው ሰፍቷል። ቡት ሎደሮች በአንድ ትንሽ የዲስክ ክፍል ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን መሞከር ቀሏል።

እንግዲህ ማሻሻል ስታስቡ አስቀድማችሁ ጽሑፋችሁን በሌላ ዲስክ ገልብጡ። የማዳኛ ፍላሽ አዘጋጁ፤ ማሽናችሁ በርሱ መነሣቱንም በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከማሻሻሉ በኋላ አንድ ጊዜ ቢነሣ አትርኩ፤ ፈጽሞ አጥፍታችሁ ደግማችሁ አስነሡት። ሙከራውም በፈተና ወይም በሪፖርት ዋዜማ አይሁን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አዲስ ነገር መውደድ መልካም ነው፤ መመለሻውን ሳያበጁ መጓዝ ግን ድፍረት እንጂ ዕውቀት አይደለም።