የውርጭ ጉዞ ጓዳ

ይህን የምነግራችሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የአንድ ቀን ጉዞ እያዘጋጁ የሚተዳደሩ ወዳጆቼ ከሰሙኝ ቡና አብረውኝ አይጠጡም። እኔም ከእነሱ ጋር ኮስትር ውስጥ ስም እየጠራሁ፣ የታሸገ ውኃ እያደልኩ፣ ማይክ ይዤ «እስቲ ሞቅ እናድርገው!» እያልኩ ስለኖርኩ የጓዳውን ነገር አውቀዋለሁ።

ኅዳር ሲገባ በቴሌግራም የሚለቀቀውን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። ነጭ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ «የውርጭ ጉዞ! ደርሶ መልስ፣ ቁርስ፣ ምሳና ፎቶ ጨምሮ» የሚል ጽሑፍ። ፎቶው ወይ የውጭ አገር ተራራ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን በረዶ ሲጥል ከስሜን ወይም ከባሌ የተነሳ። እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ በአገራችን አልፎ አልፎ ቢታይ እንደ ራስ ዳሸን ባሉ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆኑ ከፍታዎች ላይ ነው። የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ወደ ሁለቱም ሄዶ በዚያው ቀን አዲስ አበባ መመለስ የማይታሰብ ነው። ዴንቨር ያሉ ዘመዶቻችን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሮኪ ተራሮች ወጥተው፣ በረዶ ረግጠው፣ ማታ ቤታቸው ገብተው ሽሮ ይበላሉ። አዲስ አበባ ያ ዕድል የላትም። ያላት አመዳይ ነው፤ በብርድ ሌሊት ሜዳው ላይ ጥሎ የሚያድረው። እሱ ግን የምር ያምራል፣ ቅርብም ነው። ክፋቱ፣ ብር ተቀብለው የሚወስዷችሁ ሰዎች ሳያሳዩአችሁ ይመልሷችኋል።

እንዴት መሰላችሁ? ማስታወቂያው «መነሻ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ» ይላል። በዚያ ሰዓት የሚገኘው ሹፌሩና አንዲት ጠንቃቃ ልጅ ብቻ ናቸው። «መንገድ ላይ ነኝ» ያለው ተሳፋሪ ገና ካልሲ እየፈለገ ነው። ሁለተኛው መጫኛ መገናኛ፣ ሦስተኛው ካራ ነው። የካራዎቹን ነገር ሳስብ አሁንም ያሳፍረኛል። «12 ከሩብ እንደርሳለን» ተብለው ከአስፋልቱ ዳር፣ አይሱዙ እያለፈ ነፋስ በሚለቅባቸው ቦታ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ይቆማሉ። እኛ የምንደርሰው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ እያልን ሸኖ ለቁርስ እንቆማለን። ደብረ ብርሃን ስንገባ 4 ሰዓት ይሆናል። ፀሐይ ከወጣች ከሦስት ሰዓት በላይ ሆኗታል፤ ሜዳው ደርቆ ከብት ተሰማርቶበታል። ይሄኔ አስተባባሪው ማይኩን አንስቶ «ትናንት ብትመጡ ጉድ ታዩ ነበር!» ይላል። እኔም ብያለሁ። ተሳፋሪው ዕድሉን ይረግማል እንጂ ሰዓቱን አይጠይቅም።

አዘጋጁ ለምን አይማልድም ትሉ ይሆናል። መልሱ ሒሳብ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከገርጂና ከጀሞ ታክሲ የለም፣ ራይዱ ደግሞ የጉዞውን ዋጋ ግማሽ ይበላል። እናትና አባትም በዚያ ሰዓት ልጃቸውን አይለቁም። ሌሊት የሚነዳ ሹፌር ተጨማሪ ይጠይቃል። ቁርስ ቤቱም አለ። መኪና ሙሉ ሰው ይዞ ለሚመጣ ሹፌርና አስተባባሪ ገበታው በነፃ ነው፤ ስለዚህ ቁርስ ቤቱ ሳይከፈት ማለፍ የሚወድ የለም። ወቅቱም ለአዘጋጁ የተመቸ ነው። ፆመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ይዘልቃል፣ ውርጩ የሚበረታው በዚሁ መሀል ነው። ምሳው ሽሮና ምስር ይሆናል፣ ዋጋው ግን የፍስኩ ዋጋ ነው። ተሳፋሪው የሸኖን ቅቤ ገዝቶ በፌስታል ይዞ ይመለሳል እንጂ አይቀምሳትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይሄንን አስተባባሪዎቹም ብዙዎቹ አያውቁትም። ሰው ሁሉ ውርጭን ከፍታ ላይ ይፈልገዋል፤ «እንጦጦ እንውጣ» ይላል። እንጦጦ ጫፉ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ግን በአመዳይ የምትታወቀው ደብረ ብርሃን ናት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ከላዩ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከተዳፋቱ ተንሸራቶ ዝቅተኛው ሜዳ ላይ ይተኛል። ተራራው ጫፍ ላይ ሳይሆን ረባዳው ላይ ነው የሚነጣው። እንጦጦ ላይ ደግሞ ባሕር ዛፉ አለ፤ ቅርንጫፉ እንደ ጣሪያ ሆኖ የመሬቱን ሙቀት ስለሚይዝ ከሥሩ አመዳይ እምብዛም አይጥልም። ደመና ካለ ወይም ነፋስ ካደረም አትልፉ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቀና በሉ፤ ኮከቡ ቁልጭ ብሎ ከታየና ቅጠል ካልተነቃነቀ ሂዱ፣ ካልሆነ ተኙ። ይቺን ምክር በነፃ ቢለግሷችሁ ብዙ ጉዞ ይሰረዝባቸዋል፤ ለዚህ ነው የሚያውቁትም የማይነግሯችሁ።

እንግዲህ ለዚህ ዕድል አዲስ አበባ ውስጥ ከካራ ሰው የሚቀድም የለም። ከተማዋ በዚያ በኩል የምታልቀው እዚያ ላይ ነው፣ ከፊታችሁ ያለው የደሴ መንገድ ነው። ከካራ 11 ሰዓት የተነሳ መኪና ሰማዩ ሳይነጋ ሰንዳፋን አልፎ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ከአለልቱ ወዲያ ያለውን መስክ ይደርሳል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከወጣች አመዳዩ አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው፣ ጥላ ሥር ያለው ትንሽ ይዘገያል። በዚያች ሰዓት የምታዩት ይሄ ነው፦ እያንዳንዱ የሣር ቅጠል ጠርዙ ብቻ ነጭ ነው፣ መሀሉ አረንጓዴ። የኩበቱ ክምር አናቱ ነጥቷል። የከብት ኮቴ የቋጠረው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ረግቷል፤ በጣት ሲነኩት ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ጭቃው ይታያል። ጋቢ የተከናነበ እረኛ ልጅ ላሟን ቀስቅሶ እሷ የተኛችበት ቦታ ላይ በባዶ እግሩ ቆሟል፤ መሬቱ ገና ይሞቃል። በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ካላችሁት ይስቃል፣ ይመልሳልም።

ፎቶውን በተመለከተ ሹክ የምላችሁ አለ። ከጉዞ በኋላ ቻናሉ ላይ የሚለጠፈው ነጭ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ቀን የተነሳና በስልክ እንዲነጣ የተደረገ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ የሰዎቹ ጥላ አጭር ከሆነ አትመኑት። ውርጭ ባለበት ሰዓት ጥላ ረጅም ነው።

የክረምቱን በረዶ በጨረፍታ ላንሳው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ጠጠሩ በረዶ ወርዶ የካን፣ ካራንና እንጦጦን ለጥቂት ደቂቃ ያነጣቸዋል፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ይቀርጻል። እሱን ግን ማንም ቀጠሮ ሊይዝለት አይችልም። «የበረዶ ጉዞ» ብሎ ለቅዳሜ የሚመዘግብ ሰው ዝናብ ሊሸጥላችሁ ነው። ካራ ቁልቁለት ላይ በረዶ የለበሰ አስፋልት ምን እንደሚሠራም ሹፌሮችን ጠይቁ።

ጣርማበር የአዘጋጆች መጠባበቂያ ነበር። አመዳዩ ሲያመልጥ «ጉም እናሳያችሁ» ብለን ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው አፋፍ፣ ጣሊያን ወደ ሠራው ዋሻ እንነዳለን። ጉሙ ከታች ከደብረ ሲና በኩል ካለው ቆላ እየወጣ አፋፉን ሲሸፍነው ጭላዳዎቹ ከገደሉ ጫፍ ብቅ ይላሉ፤ ተሳፋሪው ውርጩን ይረሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ያ መንገድ ሳይጠየቅ የሚኬድበት አይደለም። ማስታወቂያው ምንም ቢል፣ ላምበረት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ሳምንት የተመለሰ ሹፌር ጠይቁ። የመንገዱን ነገር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ በሳቅ የማላልፈው አለ። አንድ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ በአጋጣሚ በማለዳ ደርሰን፣ አመዳይ የጣለበት ማሳ ዳር ቆምን። ልጆቹ ወርደው አጨበጨቡ፣ ዘለሉ፣ ቪዲዮ ቀረጹ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ሲያዩን ቆዩና ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን አግኝተው ነው?» አሉኝ። «አመዳዩን አይተው ነው አባባ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ጎንበስ ብለው ከማሳው አንድ የባቄላ አገዳ ሰበሩና አሳዩኝ። ቅጠሉ በፈላ ውኃ እንደተነከረ ሁሉ ጠቁሯል። ባቄላው ገና አልደረሰም ነበር። ሰብል ሳይሰበሰብ የጣለ ውርጭ የሰው ዓመት ቀለብ ይዞ ይሄዳል፤ ማይክ የያዘ አስተባባሪ ይህን ሊናገር ይገባዋል፣ አይናገርም። ስለዚህ ለማየት ከታኅሣሥ በኋላ፣ አዝመራው ከተነሳ ወዲያ ሂዱ። ማሳ ውስጥ አትግቡ፣ ከመንገዱ ዳር ያለው የግጦሽ መስክ ይበቃችኋል።

ልብስ ይዛችሁ ውጡ፤ አዘጋጁ «ቀለል ያለ ጃኬት» የሚላችሁ ብርዱን ፈርታችሁ እንዳትቀሩ ነው። ጋቢ ያዙ፣ ካልሲ ደርቡ። የዘመድ መኪና ካላችሁ አራት አምስት ሆናችሁ ተዋጥታችሁ ነዳጅ ሙሉ፤ ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦ በፌስታል ይበቃል። 3 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ ካራ ቁርስ ትበላላችሁ። ከአዘጋጅ ጋር መሄድ ካማራችሁ ግን «ካራን ስንት ሰዓት ነው የምታልፉት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ11 ሰዓት በኋላ ከሆነ በቴሌብር ምንም ብር አትላኩ።